ብረት ያልሆነው ብረት ድስት

ያ ትልቅ ድስት በተጣደ ቁጥር፣ ቤት ውስጥ እንግዳ ካለ አንድ ጥያቄ አይቀርም። ሆዱ ላይ፣ ከጆሮው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ልጥፍ አለበት። አለስልሶ ማጥፋት ይቻል ነበር፤ እንዲሁ ይሁን ያለችው ሚስቴ ናት። «ይኼ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?» ይላል እንግዳው። ሚስቴ እኔን ታያለች፤ እኔ ጣሪያውን አያለሁ። «ባለሙያው ቁጭ ብሏል፣ እሱን ጠይቁት» ትላለች። እንግዳውም ልጥፉን የሠራሁት እኔ መስዬው ያደንቀኛል። ልጥፉን የሠራሁት እኔ አይደለሁም። የኔ ሥራ ቀዳዳው ነው።

ካምፓላ ከመጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የአቅም ግንባታ ባለሙያ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለው አባቴ ሥራዬን ለጎረቤት ሲያስረዳ «ግንበኛ ነው» ይላል። ላርመው ሞክሬ ትቼዋለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። በእነዚያ ዓመታት የስንቱን አቅም እንደገነባሁ ሪፖርቶቼ ይመስክሩ። የራሴን ቤት አምፖል የሚቀይርልኝ ግን ዘበኛው ነበር። ባለፈው ዓመት ፕሮጀክቱ ተጠናቀቀ ተባለ። የተጠናቀቅኩት እኔ መሆኔ የገባኝ ኪዋቱሌ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ ሁለት ሳምንት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

ሚስቴ ከተማ ውስጥ የአውሮፕላን ትኬት ትሸጣለች። እዚህ ያለ አበሻ አገር ቤት ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ የሚደውለው ለእሷ ነው። እሑድ ይሁን በዓል፣ ሞልቷል በተባለ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ወንበር ትፈልግና ታገኛለች። ስንቱን ለቀብር አድርሳለች። ይህን የምናገረው ሚስቴን ለማሞገስ አይደለም፤ የጥፋቴ መጠን እንዲታወቅልኝ ነው።

እናቷ ያረፉት ሐሙስ ቀን ነበር። ሚስቴ ያን ሳምንት ኢንቴቤ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ሆቴል ውስጥ የመሥሪያ ቤቷን ስልጠና ትወስድ ነበር። ታላቅ ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «እማዬ አረፈች» አለኝ። «ለእሷ እንዳትነግራት። ብቻዋን፣ በሰው አገር፣ በስልክ አይሆንም። ቤቷ ስትመለስ ሰው ሰብስበህ፣ በማለዳ፣ እንደ ወጉ ትረዳለች።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ወግ ወግ ነው፤ ሐዘንተኛ የሚረዳው ሰው ደግፎት ነው። ሐሙስ ማታ ስትደውልልኝ ስለ ዝናቡ አወራኋት። ዓርብ እናቷ ተቀበሩ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤት ገባች፤ ራት አቀረብኩላት፣ እንዲያውም አንድ ቀልድ ነገርኳትና ሳቀች። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ የካባላጋላና የኪዋቱሌ ወዳጆቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በራችን ላይ ቆሙ።

በአማርኛ «ተረዳች» ማለት ሁለት ነው፤ መርዶ ተነገራት ማለትም ነው፣ ነገሩ ገባት ማለትም ነው። ሚስቴ ያን ዕለት በሁለቱም ተረዳች። አለቀሰች፣ ሰው ደገፋት፣ በመሀል ግን ቀና ብላ «መቼ?» አለች። «ሐሙስ» አልኩ። ዓይኗ እኔ ላይ ቆየ። ምን እያሰላች እንደነበር አውቃለሁ፤ የበረራ ሰዓቶቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። አርባው እስኪወጣ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ ድምፅዋን እንኳ ሳታነሳ፣ «ሁለተኛ እንዳታስብልኝ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ድስቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟ የእናታቸውን ዕቃ ሲያከፋፍል እሷ ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ የለመነችው ያን ትልቅ ብረት ድስት ብቻ ነው። የሰፈሩ ሠርግና ማኅበር ሁሉ የተበላው ከእሱ ነው ይባላል፤ አማቴ ሲያውሱት እንኳ ራሳቸው ተከትለው ይሄዱ ነበር። በጋቢ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ በአውሮፕላን መጣ። መንገድ ላይ ግን አንዱ ጆሮው ተነቅሎ ለብቻው ደረሰ። ሚስቴ ጆሮውን በአንድ እጇ፣ ድስቱን በሌላ እጇ አቅፋ፣ «ሙት ዓመቷን እዚሁ ካምፓላ አወጣለሁ» አለች። «ቀብሯ ላይ አልነበርኩም። ሙት ዓመቷን ግን በገዛ ድስቷ ሠርቼ ሰው አበላላታለሁ። ናካዋ ገበያ ወስጄ ጆሮውን አስበይደዋለሁ።»

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ኖሮ ድስቱ ዛሬ ልጥፍ አይኖረውም ነበር።

«ለምን ናካዋ?» አልኩ። «እኔ እበይድልሻለሁ።»

«አንተ?» አለች። ጆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። «ብየዳ?»

«ሰው የማይማረው ነገር የለም» አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ ስጽፈው ስለኖርኩ ከአፌ በቀላሉ ይወጣል። ያን ዕለት ለምን እንዳልኩት አላውቅም ብል ውሸት ነው። አንድ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ በገዛ እጄ ልጠግንላት ፈልጌ ነበር። በቃል የሚጠገን ነገር እንደሌለ ሻይ ስንጠጣ ነግራኛለች። ደግሞም በረንዳ ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ያለኝ ጊዜ ብቻ ነበር።

አንድ ሳምንት ሙሉ በስልኬ የብየዳ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። ተራው ብየዳ እሳት ይረጫል፣ ይጮሃል፣ ያጨሳል። አርጎን ብየዳ የሚሉት ግን ጸጥ ያለ ነው። በአንድ እጅ እሳቱ የሚወጣበትን ቶርች ይዘው፣ በሌላው እጅ የመሙያ ዘንጉን ለቀለጠው ብረት ትንሽ ትንሽ ያቀምሱታል፤ አርጎን የሚባለው ጋዝ ደግሞ አየር እንዳይነካው ይሸፍነዋል። ለተማረ ሰው የሚሆን ብየዳ መሰለኝ። «አልሙኒየም» የሚል ርዕስ ያለው ቪዲዮ ሲመጣ እያለፍኩት ነበር። እኔን ምን አገባኝ፤ የኔ ብረት ድስት ነው።

ከዚያ እንደ ልማዴ የሥራ ዕቅድ አዘጋጀሁ። ዓላማ፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ አመላካች፣ ስጋት። «ስጋት» በሚለው ሥር ብዙ አስቤ «ዝናብ» ብዬ ጻፍኩ።

ማሽን ልገዛ የሄድኩበት ሱቅ ሻጭ ትሑት ሰው ነበር። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ፤ አንዱ ትልቅና ውድ፣ አንዱ ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው የሚደፍረው ዓይነት። «ሰቦ፣ የሚበይዱት ምንድነው?» አለኝ፤ ሰቦ ማለት ጌታዬ እንደማለት ነው። «አልሙኒየም ከሆነ ትልቁ ነው የሚሆንዎት። ብረት ብቻ ከሆነ ትንሹ ይበቃል።»

«ብረት ነው» አልኩ፣ በእንግሊዝኛ፣ ሳላመነታ። «የብረት ድስት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ስሙ ራሱ ብረት ድስት ነው» አልኩት። ትንሹን ሸጠልኝ። በሰውዬው ላይ ምንም የለኝም፤ ሁለቴ ጠይቆኛል።

በቁጠባ መጀመር ምን እንደሚመስል ላስረዳ። ጥቁሩ የፊት መሸፈኛ ርካሽ ስለነበር መስታወቱ የሚጠቁረው ብርሃኑን ካየሁት በኋላ ነው። የቆዳ ጃኬት በመግዛት ፈንታ ለስብሰባ የማደርገውን ግራጫ ኮት ለበስኩ፤ የድርጅቱ ዓርማ ያለበት ፒን ሳይቀር ደረቱ ላይ ነበር። የሥራ ጠረጴዛዬ በጎኑ የተጋደመ የድሮ የፋይል ካቢኔ ነው። የአርጎኑን ሲሊንደር ያገለገለ አገኘሁና ከናካዋ በቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ አመጣሁት፤ እኔ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ ሲሊንደሩን እንደ ሙሽራ አቅፌ። የቦዳው ሾፌር ኪዋቱሌ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ይኼ ነገር ይፈነዳል?» አለኝ። «አይመስለኝም» አልኩት። ከዚያ ወዲያ በዝግታ ነዳ።

የመጀመሪያው ቀን ሙቀት ስለነበር ማራገቢያ ከጎኔ አቆምኩ። ላሜራ ቁራጭ ላይ ብየዳዬን ጀመርኩ። የሠራሁት ነገር ሲቀዘቅዝ ባየው እንደ እንጀራ በዓይን ተሞልቷል። ለእንጀራ ምስጋና የሆነው ለብየዳ ስድብ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ማራገቢያው ጋዙን ለጎረቤት እየላከልኝ ኖሯል። ሚስቴ ከሥራ ስትመለስ ላሜራውን አንስታ አገላብጣ አየችውና «ዓይኑ ግሩም ነው» አለች። ከመርዶው ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ማራገቢያውን ሳጠፋ ትንሽ ቅር ብሎኛል።

ተንግስተን የሚባለው የቶርቹ ሹል መርፌ የቀለጠውን ብረት መንካት የለበትም። እኔ አስነካሁት። ከነካ ተነቅሎ እንደገና ይሾላል። አሾልኩት፣ መለስኩት፣ እንደገና አስነካሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ከበየድኩት ይልቅ ያሾልኩት ይበዛል፤ እርሳስ መቅረጫ የተገዛለት ተማሪ መሰልኩ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የኮቴ እጅጌ ተቃጠለ። ሦስተኛው ላይ ካቢኔውንና ላሜራውን አንድ ላይ በይጄ፣ የቀድሞ ዓመታት ሪፖርቶቼ የተቀመጡበትን መሳቢያ ለዘላለም ዘጋሁባቸው። እስከ ዛሬ አልተከፈተም። የፈለጋቸውም ሰው የለም።

ሁለት ወር ሲሞላኝ ግን አንድ ቀን እጄ ጸጥ አለ። ቶርቹ አልተንቀጠቀጠም፣ ዘንጉ በሰዓቱ ገባ፣ መስመሩ ቀጥ ብሎ እንደ ሹሩባ ተደራርቦ ወጣ። ቁራጯን ሳሎን ወስጄ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጥኳት። ከዚያ የግቢውን በር መቀርቀሪያ በየድኩ፤ ያዘ። የዘበኛውን ወንበር እግር በየድኩ፤ ዘበኛው ሦስት ቀን ቆሞ ካመነታ በኋላ ተቀመጠበት። ካባላጋላ አንድ ምሳ ቤት ውስጥ ወዳጆቼ «ኢንጂነር» ማለት ጀመሩ፣ እኔም ዝም ብዬ ተቀበልኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላል ተረቱ። እኔ ደግሞ የሚስቴን እናት ድስት ካቢኔው ላይ አስቀመጥኩ።

ለሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ሚስቴ ሥራ ሄዳለች። ድስቱን አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ ጆሮውን ቦታው ላይ ገጥሜ አሰርኩ። ኮቴን ለበስኩ። ከመጀመሬ በፊት፣ ማንም ስለማያየኝ፣ አማተብኩ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። እሳቱ ድስቱ ላይ ጥቁር ጥላሸት አወጣ እንጂ አልቀለጠም። ኃይሉን ጨመርኩ። ጥቁሩ ተጨማደደ። ትንሽ ጨመርኩ። ብረት ከመቅለጡ በፊት ይቀላል፤ ሁለት ወር ሙሉ ያንን ቅላት መጠበቅ ነበር የለመድኩት። ይኼ ግን አልቀላም፣ ምንም ምልክት አልሰጠኝም። እንደነበረ ቆየ፣ ቆየና ድንገት ወደ ውስጥ ዘጭ ብሎ ወደቀ። መሸፈኛዬን ሳነሳ በአማቴ ድስት ሆድ በኩል የካቢኔውን ቀለም አየሁ። አውራ ጣቴ የሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ዙሪያውን የተኮማተረ ጥቁር። ጆሮው መሬት ላይ ነበር።

ሰዓቴን አየሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ለምን እንዳየሁ አላውቅም፤ ሐኪም እንደዚያ ያደርጋል መሰለኝ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና፣ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አለቀስኩ። ለድስቱ ብቻ አልነበረም። ዘበኛው ከሩቅ አየኝና ፊቱን አዞረልኝ፤ ጨዋ ሰው ነው።

ካለቀስኩ በኋላ የመጣልኝ የመጀመሪያ ሐሳብ ምን ነበር? መደበቅ። ድስቱን በመጣበት ጋቢ ጠቀለልኩና ቦዳ ጠርቼ ወደ ናካዋ ሄድኩ። ገበያው አካባቢ የድስት ጥገና የምትሠራ አንዲት ሴት እንዳለች ሰምቼ ነበር። አገኘኋት፤ በስልሳዎቹ መጀመሪያ የምትሆን፣ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች። በዙሪያዋ ፖሾ የሚሉት የትምህርት ቤት የበቆሎ ገንፎ የሚገነፋባቸው፣ ሰው የሚገባባቸው ትላልቅ ድስቶች ተደርድረዋል። ሁሉም የተለጠፉ፣ ሁሉም የዳኑ።

ጋቢውን ፈትታ ቀዳዳውን አየች፣ ከዚያ ኮቴን አየች፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ያለውን የአቅም ግንባታ ፒን አየች።

«ይህን ሰፉሊያ በምን ነው የመቱት?» አለች። ሰፉሊያ በእነሱ ድስት ነው።

«በየድኩት» አልኩ።

«በምን?» ማሽኔን ገለጽኩላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እሱ የብረት ነው። ይኼ እኮ አልሙኒየም ነው፣ ሰቦ።»

«ብረት ድስት ነው» አልኩ። አሁንም! ቀዳዳው እያየኝ!

አልተከራከረችኝም። ከኪሷ ማግኔት አወጣችና ድስቱ ላይ አስጠጋችው። ማግኔቱ ድስቱን ጨርሶ አላወቀውም። መሬት ላይ ወደቀ። አንስታ እንደገና ሞከረች፣ ለእኔ ስትል፤ እንደገና ወደቀ።

«በእናንተ ቋንቋ ይኼ ብረት ነው የሚባለው?»

«በእኛ ቋንቋ ድስት የሸክላ ካልሆነ ብረት ነው» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ሰማሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ ብረት ድስት፣ ብረት ድስት ስል ኖሬ፣ ብረት እንዳልሆነ እጄ እያነሳው እያወቀ፣ ምላሴ ለጆሮዬ አልነገረውም። ሴትዮዋ አጠገቧ ለሚሠሩት በሉጋንዳ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ከዚያ በትዕግሥት አስረዳችኝ። አልሙኒየም ቆዳ አለው፤ ቆዳው ከሥጋው የበለጠ እሳት ይችላል። በእኔ ማሽን ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ በኩል ብቻ ስለሚሄድ ቆዳውን አይልጠውም። ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል፣ ውስጡ ግን ቀልጦ አልቋል። «ሳይቀላ ነው የሚወድቀው» አለች። «ምልክት ይሰጠኛል ብለው ጠብቀዋል፤ እሱ ምልክት አይሰጥም።» እንደዚያ ያለ ሰው አንድ አውቃለሁ አላልኳትም።

ጆሮውን አነሳችና ቀዳዳዎቹን አየች። «ደግሞ» አለች፣ «ይኼ መች ብየዳ ያስፈልገዋል? ምስማሩ ነው የተነቀለው። ሁለት ምስማር ከወዲህ አግብቶ ከወዲያ መቀጥቀጥ ነው። የመዶሻ ሥራ ነው።»

ሁለት ምስማር። ማሽኑ፣ ሲሊንደሩ፣ መሸፈኛው፣ የኮቴ እጅጌ፣ የተዘጋው መሳቢያ፣ ሁለቱ ወራት። ሁለት ምስማር! ደህና ቀን ቢሆን ኖሮ በሳቅ እሞት ነበር።

«ቀዳዳውስ?» አልኩ።

«ይድናል። ከሌላ ድስት ቆርጬ እለጥፈዋለሁ።» መነጽሯን አደረገች። «የማነው?»

«የባለቤቴ። የእናቷ ነበር። እናቷ አርፈዋል።»

እጇ ቆመ። ድስቱን ቀስ ብላ አዞረችው። «ባለቤትዎ ያውቃሉ?»

«አታውቅም።»

«ደህና» አለች፣ ድምፅዋ ለሰስ ብሎ። ክፋት አልነበረውም፤ ለእኔ አዝና ነው። «ሁለት ቀን ይስጡኝ። ለጥፌ፣ ሞርጄ፣ አለሰልሰዋለሁ። እንደ ድሮው ይሆናል። እሳቸው አያውቁም።»

ይህን መስማት እንዴት ያለ ዕረፍት እንደሆነ! በልቤ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አቀድኩት፤ ድስቱን ለመጠገን ወስጄዋለሁ እላታለሁ፣ እሱማ እውነት ነው። ሙት ዓመቱ በሰላም ይውጣ። ለምን አሁን ላስጨንቃት? ዘመድ ወዳጅ በተሰበሰበበት፣ ልቧ በተረጋጋ ጊዜ፣ ሰው ባለበት ቀስ ብዬ...

ሰው ባለበት። ቀስ ብዬ። ያ የሐሙሱ ስልክ ነበር፣ ቃል በቃል፤ አሁን ግን የሚያወራው ወንድሟ ሳይሆን እኔ ነኝ። እያሰብኩላት ነበር። እዚያው ናካዋ፣ በተለጠፉ ድስቶች መሀል፣ እጄን ዘርግቼ ድስቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ይቅርታ» አልኳት ሴትዮዋን። «እንዳይነኩት። እስከ ስንት ሰዓት አሉ?»

«እስኪጨልም።»

ድስቱን ከነቀዳዳው ጠቅልዬ በቦዳ ተመለስኩ። ጂንጃ መንገድ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ቦዳው በመሀል እየተሹለከለከ ሲሄድ እኔ ምን እንደምላት እለማመዳለሁ። ያን ሁሉ ዓመት መጥፎ ዜና በጥሩ ቋንቋ ስጽፍ ኖሬያለሁ። «ያልተጠበቀ ተግዳሮት አጋጥሟል።» «ትምህርት ተወስዷል።» አንዱም ለሚስት የሚነገር አይደለም።

ደውዬ ዛሬ ቀደም ብለሽ መውጣት ትችያለሽ ወይ አልኳት። ለምን ብላ ሳትጠይቅ መጣች። አሥር ሰዓት ገና አልሞላም፤ የመሥሪያ ቤቷን ሻርፕ እንዳሰረች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ። እኔ በረንዳው ላይ ጋቢውን ጭኔ ላይ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«ተቀመጪ» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ለካ በአማርኛ «ተቀመጪ» የሚባለው ለዚያ ነገር ነው። «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም። ማንም አልሞተም። ድስቱ ነው። በሳሁት። ብረት መስሎኝ ነበር፣ ብረት አይደለም። ናካዋ የምትጠግን ሴት አለች፣ ሚስትህ ሳታውቅ እሠራልሃለሁ አለችኝ፣ እኔም እሺ ልል ነበር። ልል ነበር። ከዚያ መጣሁ።» ትንፋሼ አለቀ። ከተለማመድኳቸው ቃላት አንዱም አልወጣም።

ጋቢውን እሷ ራሷ ፈታችው። ድስቱን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ጣቷን በቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ዙሪያውን ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ጫፉ ሻካራ ነበር፣ እንዳይቧጭራት ብዬ እጄን ዘርግቼ መልሼ ሰበሰብኩት። ከዚያ ቀና ሳትል፣

«መቼ?» አለች።

ያቺኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

«ዛሬ» አልኩ። «ጠዋት፣ አራት ሰዓት ላይ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ሰዓቷን አየች። በረራ እንደምታሰላ ሰው ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፏ ግን ሊስቅ ነበር። ድስቱን መልሳ በጋቢው ጠቀለለችና፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ብድግ አለች።

«እንግዲያው» አለች፣ «ለቀብሩ ደርሻለሁ።»